እጀታና ሰንሰለት

ከቡሬ ወጣ ብሎ ባለ ሸለቆ አፋፍ፣ ከሰዓት በኋላ፤ ካቻምና የተፋቱት አንጓችና ይርዳው የሁለቱ ድንች ማሳ በሚዋሰንበት የአጥር ቋሚ ወዲህና ወዲያ ቆመው፣ እሷ የአንድ ሽቦ መወጠሪያ ሰንሰለት፣ እሱ የዚያኑ መወጠሪያ የብረት እጀታ ይዘው ይከራከራሉ።

አንጓች፦ ደግሜ ልበልህ? እጀታውን አውሰኝና ሽቦዬን ወጥሬ ልመልስልህ። ከዚህ በላይ እንዴት ተብሎ ይለመናል?

ይርዳው፦ ልመና እንዲህ ወገብ ተይዞ ከሆነ ቁጣው እንዴት ሊሆን ነው?

አንጓች፦ ወገቤን የያዝሁት ስላመመኝ ነው። ከማለዳ ጀምሮ ሽቦ በእጄ ስጎትት ዋልሁ። መዳፌን እየው።

ይርዳው፦ አየሁት። ጨርቅ ጠምጥሚበት ብዬሽ ነበር፣ ያኔ።

አንጓች፦ ያኔን ተወው። እጀታውን ወዲህ በል።

ይርዳው፦ አንቺ ሰንሰለቱን ወዲህ በዪ። የእኔም አጥር ረግቦ ሆዱ መሬት ነክቷል። መጀመሪያ የእኔን እወጥርና ሁለቱንም አንድ ላይ አመጣልሻለሁ።

አንጓች፦ ማን ነው የሚያመጣው?

ይርዳው፦ ራሴ ነኛ።

አንጓች፦ እሱን ነው የፈራሁት።

ይርዳው፦ እንግዲያው እዚያው ጉተታሽ ላይ ዋይ። ሽቦ ገመድ አይደለም፣ ገና ለገና ይወጠራል ብለሽ በጉልበት ስትታገዪው ይበጠሳል።

አንጓች፦ ተበጠሰ እንጂ። በእንጨት ጠምዝዤ ላጠብቀው ብል ከላይ ተበጥሶ ግንባሬን ሊፈነክተኝ ነበር። ይኸ አይበቃህም?

ይርዳው፦ ዓይንሽን አልነካሽም?

አንጓች፦ ብነካስ ምን አገባህ?

ይርዳው፦ እንዲያው መጠየቄ ነው። ሰው ጎረቤቱን አይጠይቅም?

አንጓች፦ ጎረቤትማ ዕቃ ያውሳል። ትናንት ጃርቱ በዚህ ገብቶ አንድ ትልም ሙሉ ቆፍሮብኝ ሄደ። በልቶት ቢሆን አይቆጨኝም፤ ቀምሶ ቀምሶ የሚጥለው ነው አንጀቴን የሚያሳርረው።

ይርዳው፦ እኔም ዘንድ ገብቷል እኮ። ጃርት ይህ የማን ድንች ነው ብሎ አይጠይቅም።

አንጓች፦ ጠይቆ የሚገባ ነው የሚመስለኝ። ያንተን ማሳ ዳር ዳሩን አሽትቶ እኔ ዘንድ ነው ራቱን የሚበላው።

ይርዳው፦ የአንቺ ድንች ይጥም ይሆናላ።

አንጓች፦ አትቀልድ፣ ይርዳው። ቀልድ ላይ አይደለሁም። አምና ግማሹን በላብኝ። ዘንድሮም ከበላው ለዘር እንኳ የሚተርፈኝ የለም፤ መሬቴን ለእኩል አራሽ ልሰጥ ነው ማለት ነው። ከዚያ ወዲያ በገዛ ማሳዬ ላይ ቆሜ የሰው እጅ ሳይ ልከርም ነው። ሴት ብቻዋን መሬት አትይዝም ያሉት ሁሉ ደስ ይበላቸው።

ይርዳው፦ እኔ እንደዚያ ብያለሁ?

አንጓች፦ አላልህም። ግን እጀታውን ይዘህ ቆመሃል።

ይርዳው፦ መስጠትሽ ካልቀረ ግን ለሩቅ ሰው ከምትሰጪው ለእኔ ስጪኝ። መሬቱን አውቀዋለሁ። ድንጋዩን የለቀምሁት እኔ ነኝ።

አንጓች፦ ይኸው ወጣ። ለካ ከጃርቱ ጋር ተዋውላችኋል።

ይርዳው፦ እንዲህ አስቤ ከሆነ ይድፋኝ።

አንጓች፦ አትማል። ስትምል ጆሮህ ይቀላል፤ ዱሮም እንደዚያ ነበር።

ይርዳው፦ ስሚ፤ ጥፋቱ የባሻ ደምለው ነው። ስንፋታ ዕቃ ያካፍለን፣ ትልቅ ሽማግሌ ነው ብለን ጠርተነው፣ አንድ የሽቦ መወጠሪያ ለሁለት ከፍሎን ሄደ። እንዲህ ያለ ፍርድ የት አገር ይታያል?

አንጓች፦ እሱ ምን ያድርግ? አንተ ለእኔ ይድረሰኝ ስትል፣ እኔ ለእኔ ይድረሰኝ ስል ሰውየው ምሳው ቀዘቀዘበት። በመጨረሻ እጀታው ከሰንሰለቱ ሲነቀል አየና፣ በሉ እንግዲህ ሠሪው ራሱ ሁለት አድርጎታል፤ አንዳንድ አንሡ አለን።

ይርዳው፦ እኔ ይድረሰኝ ያልሁት አንቺ ስላልሽ ነው።

አንጓች፦ እኔም ያልሁት አንተ ስላልህ ነው።

ይርዳው፦ ያን ቀን ወፍጮው ለአንቺ መጁ ለእሱ ቢሉን ኖሮ ያንንም እሺ ብለን እንወስድ ነበር።

አንጓች፦ መንደሩ ምን እያለን እንደሆነ ሰምተሃል? እኔን ባለ ሰንሰለቷ ነው የሚሉኝ። ዕድር ላይ ብቅ ስል ሴቶቹ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ያደርጋሉ።

ይርዳው፦ አንቺስ ደህና ነሽ። እኔን፣ እጀታው እንደምን ሰነበተ ነው የሚሉኝ። ስለ ራሴ ጤና የሚጠይቀኝ ጠፋ።

አንጓች፦ ለመሳቅ ጉልበት የለኝም እንጂ ይኸስ ያስቃል።

ይርዳው፦ ሳቂ፤ ሳቅ የጋራ ነው፤ አልተካፈልነውም።

አንጓች፦ ስቄ ጨርሻለሁ። አጥርህን በበሬ ልወጥር ያልህ ጊዜ ነው የሳቅሁት።

ይርዳው፦ እሱን አታንሺው።

አንጓች፦ ለምን አላነሣውም? አገር ያየው ነገር ነው። የሽቦውን ጫፍ በምራን አስረህ ቦራን ነዳኸው። ቦራ ደግሞ ቅንጃው ዳልቻ ከእኔ በረት ሲያገሳ ሰማ። ከዚያ ማን ይመልሰው? አጥርህን ከነካስማው እየጎተተ ደጃፌ ድረስ ይዞት መጣ። እኔ ደግሞ ዕቃ የተመለሰልኝ መስሎኝ በር ከፈትሁለት።

ይርዳው፦ ከብት ነው፤ ፍቺ አያውቅም። አንድ አንድ በሬ ተካፈሉ ሲሉን እሱን የጠየቀው የለም።

አንጓች፦ በረቱ ጥግ ቆመው ሲላላሱ አየሁ። ሰው ከከብት አነሰ ብዬ አፈርሁ።

ይርዳው፦ ታዲያ ያኔ ለምን አልነገርሽኝም?

አንጓች፦ ምኑን?

ይርዳው፦ ማፈርሽን።

አንጓች፦ አንተ ሽቦህን እየረገምህ፣ በሬውን እየገረፍህ ስትሄድ በምን ቀዳዳ ልንገርህ? ቀና ብለህ እንኳ አላየኸኝም።

ይርዳው፦ አፍሬ ነው። አጥሬን ተሸክሞ ወደ ፈታችኝ ሴት የሄደ በሬ ይዤ እንዴት ቀና ልበል?

አንጓች፦ እኔ ነኝ የፈታሁህ?

ይርዳው፦ ይብቃኝ ያለ ማን ነበር?

አንጓች፦ ይብቃኝ ያሰኘኝስ ማን ነበር? ይህ ዳገት ባሕር ዛፍ አልነበረም? ችግኙን በጀርባዬ አዝዬ አምጥቼ የተከልሁት፣ ውኃ ያጠጣሁት እኔ አይደለሁም? አንድ ቀን ከገበያ ስመለስ ጉቶ ብቻ ቆሞ ጠበቀኝ። ለወንድምህ ቤት ማገር ሆኗል ለካ። የነገረኝም አንተ አይደለህም። የወንድምህ ሚስት መንገድ ላይ አቅፋ ስታመሰግነኝ ነው ያወቅሁት። ዛፉ ቢኖር በእንጨቱ አጥሬ ዛሬ ሽቦ አያስፈልገኝም ነበር።

ይርዳው፦ ልነግርሽ ነበር።

አንጓች፦ ልትነግረኝ የነበረው ሁሉ ቢሰበሰብ ጎተራ ይሞላል።

ይርዳው፦ ቢከፋትም ያልፍላታል ብዬ ነው። ዝም አይነቅዝም ይባላል።

አንጓች፦ ዝምታው አልነቀዘም፤ ቤታችን ነው የነቀዘው። ለዛፉ ብዬ ቤቴን የምፈታ ሰው ነኝ? ዛፍ ይበቅላል። የገዛ ቤቴን ወሬ ከሰው አፍ መስማት ነው የመረረኝ።

ይርዳው፦ ይህን እንዲህ አድርገሽ ነግረሽኝ አታውቂም።

አንጓች፦ ባሻ ደምለው ፊት ተናግሬዋለሁ። አንተ ጣራ ስትቆጥር ነበር። ሽማግሌው፣ አንተስ ምን ትላለህ ይርዳው ሲልህ፣ ምን እላለሁ አልህ።

ይርዳው፦ ይብቃኝ ላለች ሴት ምን ይባላል?

አንጓች፦ አይበቃሽም ይባላል። ያን ቀን ዓይኔን ከአፍህ ላይ አልነቀልሁም። አንዲት ቃል ብታወጣ ነጠላዬን ሰብስቤ ወደ ቤቴ እገባ ነበር። ሽማግሌውም ጠበቀህ፣ እኔም ጠበቅሁህ።

ይርዳው፦ እኔም አንቺን ስጠብቅ ነበር። ትታው ትነሣለች ብዬ።

አንጓች፦ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ።

ይርዳው፦ አንጉ…

አንጓች፦ አንጉ አትበለኝ። ዕቃ ስንካፈል እሱ ለአንተ አልደረሰህም።

ይርዳው፦ እሺ፣ አንጓች። ሌላ ሰው ለምን አትጠሪም ታዲያ? መንደሩ ጎረምሳ ሞልቶታል፤ ያግዙሽ።

አንጓች፦ ጠራሁ እንጂ። ማን ይመጣል? ባልና ሚስት ካንድ ባሕር ይቀዳል፤ ነገ ስትታረቁ መካከል ገባህ ትሉናላችሁ አሉኝ። መንደሩ እኛ ሳንታረቅ አስታርቆን ተቀምጧል።

ይርዳው፦ ካልሆነ ሌሊት ሌሊት መጥቼ ማሳሽን ልጠብቅልሽ። ዱላዬን ይዤ እዚህ ጎጆ እቀልሳለሁ።

አንጓች፦ የምትጠብቀው ጃርቱን ነው እኔን?

ይርዳው፦ የመጣውን ነዋ።

አንጓች፦ አያስፈልገኝም። እንቅልፌን ተኝቼ የማድርበት አጥር ነው የምፈልገው።

ይርዳው፦ እንግዲያው ልብ ብለሽ ስሚኝ። ሳስብበት የከረምሁት ነገር አለ። እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ባሻ ደምለው ዘንድ ሂጂና፣ ቸኩያለሁ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው በዪው። ከዚያ እሱ ይልክብኛል። እኔም እጀታዬን ይዤ በሰው ፊት እመጣለሁ። መወጠሪያውም አንድ ይሆናል፣ እኛም…

አንጓች፦ ጥፋቱ የእኔ ነው ልበል?

ይርዳው፦ ለአፍ ያህል ነው እንጂ የሁለታችንም መሆኑን አውቃለሁ። ወንድ ልጅ እንዲሁ ተነሥቶ ተመልሶ ቢገባ ሰው ምን ይላል?

አንጓች፦ ሴቷስ እንዲሁ ብትመለስ?

ይርዳው፦ ሴትማ ምን አለባት?

አንጓች፦ ካያያዝ ይቀደዳል፣ ካነጋገር ይፈረዳል። መጥተህ መጥተህ አሁን አበላሸኸው።

ይርዳው፦ ምን አበላሸሁ? ሌላ መንገድ ካለሽ ንገሪኝ። ያለዚህ እጀታ ሰንሰለትሽ ከእጅ አይሻል ዶማ ነው፤ ጥጃ ማሰሪያ ልታደርጊው ካልሆነ። ጃርቱ ደግሞ እሁድን አይጠብቅልሽም።

አንጓች፦ የመጨረሻ ቃልህ ይኸ ነው?

ይርዳው፦ ይኸው ነው። አልሄድም ካልሽ እጀታውን ይዤ ወደ ቤቴ።

አንጓች፦ በጄ። ቁርጡን አወቅሁ።

ይርዳው፦ ከከረጢቱ ምን እያወጣሽ ነው?

አንጓች፦ አይተህ አታውቅም? እጀታ ነዋ።

ይርዳው፦ የማን እጀታ?

አንጓች፦ የእኔ። ቡሬ ብየዳ ቤት ወስጄ አሠራሁት። በያጁ ሰንሰለቱን አገላብጦ አየና፣ የዚህ እጀታ የት ሄዶ ነው ቢለኝ፣ አኩርፎ ነው አልሁት።

ይርዳው፦ አይገባም። የእኔ እጀታ አፉ አራት ማዕዘን ነው፣ ልኩ ሌላ ቦታ አይገኝም።

አንጓች፦ ገባ። ይኸው ይዞራል።

ይርዳው፦ መቼ አሠራሽው?

አንጓች፦ ባለፈው ቅዳሜ።

ይርዳው፦ ታዲያ ፀሐይ ላይ አቁመሽ የምታደርቂኝ፣ ራስሽም የምትደርቂው ስለምን ነው? ዛሬ ከማለዳ ጀምሮ ሽቦ በእጅሽ ስትጎትቺ የዋልሽው ስለምን ነው?

አንጓች፦ አይተህ ትመጣለህ ብዬ ነው። እጀታውስ ምን ያደርግልኛል? አንድ ነገር ያለ ውል፣ ያለ ሽማግሌ፣ እንዲያው እንኪ ስትለኝ ለመስማት ነው። እንኪ ብትለኝ ኖሮ ይኼኛው ከከረጢቱ ሳይወጣ ዝጎ ይቀር ነበር።

ይርዳው፦ አሞኘሽኝ።

አንጓች፦ የተሞኘሁትስ እኔ ነኝ። ከበያጁ ዘንድ ስወጣ ደስ ብሎኝ ነበር። መንገድ ላይ ግን አለቀስሁ። ይኸው አሁን ያለ ይርዳው ይሆንልኛል ብዬ ነው ያለቀስሁት።

ይርዳው፦ ያ ደመና ወዲህ እየመጣ ነው።

አንጓች፦ ምን ትላለህ? ዛሬ ደግሞ ጣራ የለ፤ ሰማዩን ልትቆጥር ነው?

ይርዳው፦ ከፋኝ እላለሁ። ካቻምናም ከፍቶኝ ነበር። ባሕር ዛፉን ሳልነግርሽ መቁረጤ ጥፋት ነው። ሽማግሌው ፊት ዝም ማለቴም ጥፋት ነው። አሁንም እሁድ ሂጂ ያልሁሽ ጥፋት ነው። እጀታ ከተገኘ እንግዲህ ከእኔ የምትፈልጊው የለም። ልሂድ።

አንጓች፦ የመወጠሪያው ጥርስ ማለቁን ረሳኸው? ሲለቁት ይንሸራተታል። አንዱ እጀታውን ጨምድዶ ካልያዘው፣ ሌላው ሽቦውን ከቋሚው ጋር ማሰር አይችልም። በአዲሱም እጀታ ብቻዬን ሞክሬ አቃተኝ።

ይርዳው፦ አልረሳሁትም። እኔ እይዝ ነበር፣ አንቺ ታስሪ ነበር።

አንጓች፦ ፀሐይዋ እያዘቀዘቀች ነው።

ይርዳው፦ መንደሩስ ምን ይላል?

አንጓች፦ መንደሩ እዚህ ድንች አልተከለም።

ይርዳው፦ በይ ቆይ፣ የእኔንም እጀታ ልያዝ። የአንቺኛው ቢሰበር እንኳ ይጠቅማል።

አንጓች፦ እሱን እዚያው ጣለውና፣ የምትመጣ ከሆነ ባዶ እጅህን ና።