ራስጌ ያለው ወንበር

እንደምን አደርሽ የኔ ልጅ? አበባውን ውሃ አጠጣሽው? ጎበዝ... ባለፈው ጠውልጎ ነበር እኮ። እዚህ ቤት እንዲህ ቶሎ የዳነ አላየሁም።

አልቀመጥም፤ የእህቴን ሻርፕ ልወስድ ነው የመጣሁት፣ ሶፋው ላይ ረስታው። የሐኪማችን በር ገርበብ ብሏል እንዴ? ተይው፣ አትዝጊው። ቢሰሙስ? መስማት አይደል እንጀራቸው...

ይልቅ ምንድን ነው ጠዋት በማለዳ የሚያስተይቡሽ? የነገው የሐኪሞች ጉባኤ ንግግር? «የሥነ ልቦና ትንታኔ በዘመናችን ሕክምና ቦታ አለው ወይ?»... እንዴት የለውም! ሶፋው ብቻ የክፍሉን ግማሽ ይዞ የለ?

እኔም ከአሮጌ መጻሕፍት ሻጭ እየገዛሁ ትንሽ አንብቤበታለሁ። ሰው የውስጡን ሲያወጣ ይቀለዋል የሚለውን አምናለሁ። ሆድ ይፍጀው ከማለት ሶፋ ይፍጀው ማለት ይሻላል... የሚያዳምጥ ካለ።

እህቴ ባሏ ከሞተ ወዲህ እንቅልፍ አጥታ ነው እዚህ የመጣችው። አንድ የተከበሩ ሰው፣ ስም አልጠራም፣ አራት ዓመት ሙሉ ስለ እናታችን ጠየቋት። ጥልቀት ማለት ይሄ ነው! እኛ መሃይሞቹ ሐዘኗ የባሏ መስሎን፤ ለካ እናታችን በዘጠኝ ወሯ ጡት ስላስጣለቻት ኖሯል። እንክብል ልውሰድ ወይ ብትላቸው፣ የሕመሙን አፍ ይዘጋዋል አሏት። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባል የለ... መድኃኒቱን የደበቀስ?

ትዕግሥታቸው ግን! እሷ ሶፋው ላይ ተጋድማ፣ እሳቸው ከራስጌዋ ተቀምጠው በአንዲት ቃል እንኳ አያቋርጧትም። ሰኞ ዕለት ዝናቡ ሲመጣ ጃንጥላዋን ላቀብላት ብዬ በሩን ገፋ ባደርገው... ብዕራቸው ምንጣፉ ላይ፣ አገጫቸው ደረታቸው ላይ። ዝም አይነቅዝም ይላሉ፤ ያንኮራፋል ግን ብሎ የነገረን የለም። እሷስ? እንደተጋደመች ስለ ባሏ በሹክሹክታ ታወራለች። «ቀስ በይ እቴ፣ ይረፉ። ሁልጊዜም በዚህ ሰዓት ነው» አለችኝ።

አየሽልኝ? እንቅልፍ ፍለጋ የመጣችው እሷ፣ ያገኙት እሳቸው። ታዲያ ይሄ ሕክምና አይሠራም የሚል ሰው ምን ዓይን አለው?

ሐሙስ ጤና ጣቢያ ወሰድኳት። አንዲት ለጋ ነርስ ፊት ለፊቷ ተቀምጣ፣ «ስትነቂ መጀመሪያ የሚመጣብሽ ምንድን ነው?» አለቻት። ይኸው ነው፣ ሌላ የለም። እህቴ ስቅስቅ ብላ አለቀሰች። ሐኪሙ እንክብል አዘዘላት፣ ነርሷ ደግሞ በየሳምንቱ እየመጣሽ እናውራ አለቻት። ትናንት እስኪነጋ ተኛችልኝ። እኔ ነኝ እየተነሣሁ ትንፋሿን ሳዳምጥ ያደርኩት... ምን ላድርግ፣ ጥልቀት የለኝም።

ሻርፑን አመጣሽልኝ? ተባረኪ። እህቴ ከእንግዲህ አትመጣምና ያን ሰዓት ለሌላ አትስጪባቸው፤ የለመዱት ነው፣ ያሸልቡበት። ለእሳቸውም መልካም ጉባኤ በይልኝ። በጸሎቴ አልረሳቸውም፦ ዕድሜ ይስጣቸው፣ ክፉ ቀን አይንካቸው... ድንገት ቢነካቸው ደግሞ፣ ልክ እንደ እሳቸው ያለ ታጋሽ ሐኪም ከራስጌያቸው አያሳጣቸው።