ላም አዋቂዋ አዴ ጁሀራ

በጎሮ ገበያ አዴ ጁሀራ ሳይዳብሷት የምትሸጥ የወተት ላም የለችም ቢባል ብዙም ማጋነን አይሆንም። አንድ የገበያ ቀን ግን ለራሳቸው ሊገዙ ወጥተው ነበር። ጎንበስ ብለው የቀይዋን ላም ግት ዳበሱና ቀና አሉ።

«ውሰዳት፤ ጠጣር ነገር አላት» አሉት ሻጩን።

«ኧረ አዴ፣ አያማትም እኮ!»

«እስኪያማት ልጠብቅልህ?»

መለስ ሲሉ ጎባ በነርስነት የምትሠራውን የወንድማቸውን ልጅ ኢፍቱን አዩ። ለእረፍት መምጣቷ ነው።

«አካም ጅርቱ አዳዳ!» ብላ አክስቷን ሰላም ለማለት ልታቅፋቸው ስትል ግራ ጎናቸውን ሸሸት አደረጉ። ከአረፋ ወዲህ በግራ ጡታቸው ውስጥ ባቄላ የምታክል ነገር አለች፤ ለማንም አልተነፈሱም።

«ምን ሆነው ነው አዳዳ?»

«ምንም። አታምም።»

«ማናት የማታመው?»

አዴ ጁሀራ ምላሳቸውን ነከሱ። ኢፍቱ ጥግ ወስዳ አባብላ ጠየቀቻቸውና ተናዘዙ።

«ነገ ጎባ እንሂድ።»

«እህቴ ረቢያ ሄዳ ምን አተረፈች? ሞተች። የሮቤዋ ነጋዴ ሸዋርጋ ግን ይኸው በሽታ ይዟት ነበር፤ ዛሬ እየሳቀች ሱቋ ትውላለች። አላህ ለባለጸጋ ጽፎለት ነው።»

«በሽታው አንድ ነው አዳዳ። የሸዋርጋ እብጠት ገና ባቄላ ሳያክል ታየላት፤ ሐኪሙ ቅርቧ ነው፣ መኪናም አላት። አክስቴ ረቢያ የመጡት ጡታቸው ከቆሰለ በኋላ ነው።»

«እና ጥፋቱ የረቢያ ነው?» ድምፃቸው ሻከረ። «ከዚያ ሩቅ መንደሯ ከሪራ ማን ያምጣት? ማንስ ነገራት? አንቺ ጎባ ነጭ ለብሰሽ ተቀምጠሻል!»

ኢፍቱ አንገቷን ደፋች። የተማረ ሰው ሲረታ ማየት ደስ ይላል፤ በእውነት ሲረታ ደግሞ ይበልጥ።

«ልክ ነዎት። ጥፋቱ የሳቸው አይደለም፤ ያልደረስንላቸው እኛ ነን። አለቆቼን ለምኜ በገበያ ቀን ሴቶችን ልመረምር እዚህ እመጣለሁ። እርስዎ ግን አይጠብቁኝ። የምታይዎት ሴት ሐኪም ናት፣ እኔም እጅዎን ይዤ እቆማለሁ። ዱዓውን እያደረግን እንሄዳለን። አሁን ለላሟ የፈረዱትን ለራስዎ ይፍረዱ።»

አዴ ጁሀራ ሻጩ እየነዳ የሚወስዳትን ቀይ ላም በዓይናቸው ሸኟት።

«ኢፍቱ፣ ፈርቼ እኮ ነው» አሉና አለቀሱ። በማግስቱ ሄዱ።

ሕክምናው ረጅም ነበር፤ ፀጉራቸውም ረገፈ። በጊዜ የሄደ ሁሉ ይድናል አይባልም። እሳቸው ግን እብጠቱ ሳይዛመት ተደርሶበት፣ ይኸው ሦስተኛውን አረፋ ከልጆቻቸው ጋር ዋሉ። የሸዋርጋ ዕድል የሚባለው በጊዜ መታየት ነበር፤ ለጎሮዋም ለሪራዋም ሴት ሲደርስ እንዲህ ያተርፋል።

ዛሬም ላም ይዳብሳሉ። ሴት መጥታ «ይዩልኝ» ስትላቸው ግን መጀመሪያ «የራስሽንስ ጡት አሳየሽ?» ይላሉ። «አላሳየሁም» ካለች ኢፍቱ በገበያ ቀን ሴቶችን ወደምትመረምርበት ድንኳን ይጠቁሟታል።

«መጀመሪያ እዚያ ግቢ። ላሟን እኔ እይዝልሻለሁ።»