በሳፋ ውስጥ ያደገችው ኤሊ

እኛ በምናስተምርበት ጊዜ መምህር ያለው ሁሉ እውነት ነበር፣ እኔም ራሴ የምለውን አምን ነበር፣ ጥፋቱ እሱ ላይ ነው። ያኔ ሴቻ ሰፈር ነው የምንኖረው። ሚሊኒየሙ ሊገባ ሁለት ዓመት ሲቀረው ባለቤቴ ታማ ሞተችብኝ፣ እና ከልጄ ከሰላም ጋር ሁለታችን ቀረን። ስምንት ዓመቷ ነበር። ብዪ ስትባል ትበላለች፣ ተኚ ስትባል ትተኛለች፣ በተረፈ ቃል አይወጣትም።

ታዲያ ከከተማው ወጣ ብሎ ላንቴ በሚባል ገጠር የሙዝ እርሻ ያለው አቶ ኦርካይዶ የሚባል ወዳጅ ነበረኝ፣ ልጆቹን ሁሉ ያስተማርኩለት። እሱ ሙዙን ሲኮተኩት ገና ከእንቁላል የወጡ ሁለት ኤሊዎች አገኘ፣ ክብሪት የሚያካክሉ። የአንዷን ቅርፊት ጠርዙ ላይ መኮትኮቻው ሸርፎታል። ደህናዋን ለሰላም አመጣላት፣ የተሸረፈችውን አትተርፍም ብሎ እዚያው ሙዙ ውስጥ ተዋት።

እና ሰላም አፏን ፈታች። መጀመሪያ ለኤሊዋ ብቻ ነበር የምታወራው፣ እያደር ለእኔም ማውራት ጀመረች። ስለዚህ ያቺን ኤሊ እንዴት እንደወደድናት አትጠይቀኝ። ፀሐይ እንዳይመታት፣ ውሻ እንዳይነካት ብለን ጓዳ ውስጥ በሳፋ አስቀመጥናት፣ ዳቦ በወተት፣ ሩዝ፣ ያገኘነውን እናበላታለን። ዓመት አለፈ፣ ሌላም ዓመት አለፈ፣ ኤሊዋ ከመዳፌ አልበለጠችም። ቅርፊቷም እዚህም እዚያም አብጦ ጉብ ጉብ አለ።

ሰላም ለምን አታድግም እያለች ትጠይቀኛለች። እኔ ደግሞ የሳይንስ መምህር ነኝ፣ አላውቅም ማለት ከበደኝ። አንድ ቦታ የሰማሁትን አንስቼ፣ ኤሊ በማደሪያዋ ልክ ነው የምታድገው፣ ሳፋው ስለጠበባት ራሷን ገታች፣ ተፈጥሮዋ ነው አልኳት። ይህንኑ ክፍል ውስጥም አስተማርኩት፣ ኤሊዋን ይዤ እየሄድኩ፣ እያሳየሁ፣ ስንት ዓመት ሙሉ።

ታዲያ ሰላም አሥራ አምስት ሲሞላት አቶ ኦርካይዶ ታመመና ልንጠይቀው ላንቴ ሄድን። ተሽሎት ነበር። ስለ ኤሊዋ ሲጠይቀን ደህና ናት፣ ትንሽ ዘር ሆና ነው እንጂ አልነው። ከዘራውን ይዞ ተነሣና ሙዙ መሀል ወሰደን። አንዲት ኤሊ ሣር ትግጣለች፣ ቅርፊቷ የተስተካከለ፣ በሁለት እጅ ካልሆነ የማትነሣ። ጠርዟ ላይ መኮትኮቻው የሸረፈው ቦታ አለ።

"መምህር፣ እሱ ነው" አለኝ፣ አማርኛው ወንዱንና ሴቱን ያቀላቅልበታል። "የሰላም ኤሊ እህት። ማንም አላበላውም። ዝናብ፣ ፀሐይ፣ ሣር፣ በቃ።"

ሰላም ቁጢጥ ብላ የተሸረፈውን ጠርዝ በጣቷ ዳሰሰችው። ከዚያ ቀና ብላ፣ "አባዬ፣ የእኛዋ ራሷን አልገታችም። እኛ ነን የገታናት" አለችኝ።

በማግስቱ የእኛዋን ሲቀላ ሰፈር ያለ የእንስሳት ሐኪም ዘንድ ወሰድናት። እግሯን ጎተት፣ ቅርፊቷን ጫን እያደረገ አያትና፣ ኤሊ ሳፋ ለክታ አታድግም፣ የዚህች አጥንቷ ነው የተጎዳው፣ ፀሐይና ሣር አጥታ፣ ዳቦና ወተት ምግቧ አይደለም አለን። ትድናለች ወይ አልኩት። ትኖር ይሆናል፣ ጉብታው ግን አይመለስም አለ።

ሰላም ራሷ አቅፋ ላንቴ መለሰቻት። የኋላ እግሯን ትጎትት ስለነበር ዝም ብሎ መልቀቅ አልተቻለም፣ አቶ ኦርካይዶ ሣሩ ላይ አጥር አጠረላት። እና ቀስ በቀስ መራመድ ቻለች፣ ጥቂትም አደገች፣ የእህቷን ግማሽ ግን አላከለችም። ሰላም በየሳምንቱ እየሄደች ታያት ነበር።

እኔም ሰኞ ክፍል ገብቼ፣ ስለ ኤሊ ያስተማርኳችሁ ስህተት ነው አልኩ። አፍሬ ነበር፣ አልደብቅህም። ግን እነዚያ ፊቴ የተቀመጡት ናቸው፣ ከእነሱ በፊት ያለፉት የት ይገኛሉ? የድሮ ተማሪ ሚኒባስ ውስጥ ባገኝ እነግረዋለሁ፣ አንዳንዱ ይስቅብኛል፣ ለኤሊ ነው እንዴ ይህን ያህል ይለኛል። እኛ በፍቅር ጎዳናት፣ ጉዳቷን ደግሞ ተፈጥሮዋ ነው አልን፣ እኔን የሚከብደኝ ሁለተኛው ነው። አንተም ከዚያ በፊት ነው ከእኔ ዘንድ የተማርከው፣ ለዚህ ነው ዛሬ ቁጭ በል ያልኩህ።

— አዎ፣ ጋሼ። እኔም ለልጆቼ እንደዚያው ነግሬያቸዋለሁ።

— እንግዲያው ቤትህ ስትገባ፣ መምህሬ ተሳስቶ ነበር በላቸው።