በበረኪና የታጠበው ምድር ቤት

(ደብረ ብርሃን፤ ጠበል ሰንብተው የተመለሱት ወይዘሮ በላይነሽ እና የልጃቸው ባል መክብብ፣ የወይዘሮዋ ፎርማጆ በሚበስልበት ምድር ቤት በር ላይ።)

በላይነሽ፦ ማነው እዚህ የገባው?

መክብብ፦ እኔ ነኝ፣ እማዬ። ምስጋና እንኳ አያስፈልግም።

በላይነሽ፦ የምን ምስጋና? ሌባ የገባ መስሎኝ ነው። ሽታው የት ሄደ?

መክብብ፦ ታጠበ። ግድግዳውን ኖራ ቀባሁት፤ ፎርማጆው የሚደረደርባቸውን ሳንቃዎች በበረኪና ፈተግኳቸው፤ ፎርማጆውን አንድ በአንድ በብሩሽ አጸዳሁት። ሻጋታ እኮ ወሮት ነበር።

በላይነሽ፦ ሳይቸግር ጤፍ ብድር።

መክብብ፦ ፎርማጆ ሊገዛን ያሰበ የሆቴል ሰው ሊያይ ይመጣል ሲባል አፈርኩ። ምን ላድርግ?

በላይነሽ፦ በሻጋታው አፈርክ። ስንት ዓመት ፎርማጆዬን ስትበላ፣ ማን እንደሚያበስለው ጠይቀህ ታውቃለህ?

መክብብ፦ እርስዎ ነዎት እንጂ።

በላይነሽ፦ እኔ ወተት አረጋለሁ፣ እጨምቃለሁ፣ ጨው እቀባለሁ። የቀረው የሻጋታው ሥራ ነው። ግራጫው ቀድሞ ይበቅላል፤ ነጩ እሱ ባለሰለሰው ላይ ይተኛል፤ ቢጫው መጨረሻ ይመጣል። ሳንቃው ውስጥ ነው የሚኖሩት፤ ልጄን ፍሬሕይወትን ከማግባትህ በፊት ጀምሮ።

መክብብ፦ ታዲያ ይኸው፣ መልሰው በቅለዋል። ትንሽ ጠቆር አሉ እንጂ።

በላይነሽ፦ ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ። ቤቱን ባዶ ብታደርገው ወሮበላ ገባበት። ይህን ነው ለሰውየው ያቀመስከው?

መክብብ፦ አዎ።

በላይነሽ፦ ምን አለ?

መክብብ፦ ውሃ ጠየቀ።

በላይነሽ፦ ከዚያስ?

መክብብ፦ እደውላለሁ አለ።

በላይነሽ፦ ሁዳዴ ከገባ ጀምሮ ሰው ያልጠጣው ወተት ሁሉ እዚህ ነበር። ለፋሲካ የማቀርበውን ነው ያጠብክልኝ።

መክብብ፦ ሰው ይሳሳታል፣ እማዬ። ለዚህ ብለው ግን ቃልዎን አይጠፉት። ከፋሲካ በኋላ ሥራውን ለእኔ እንደሚያስረክቡኝ ነግረውኛል።

በላይነሽ፦ ሰው ይሳሳታል። አንተ ግን ማንም ሳያዝህ፣ ላብህን አንጠፍጥፈህ፣ ምስጋና እየጠበቅህ ነው የተሳሳትከው። ለመሆኑ ከሳንቃዎቹ አንድ እንኳ አልተረፈም?

መክብብ፦ ሁለት ተርፈዋል።

በላይነሽ፦ እንዴት አመለጡህ?

መክብብ፦ ፍሬሕይወት ከእጄ ነጥቃኝ ነው።

በላይነሽ፦ ነጥቃስ ምን አደረገቻቸው?

መክብብ፦ ጓዳ አስገብታ አዲስ ፎርማጆ ደረደረችባቸው። ግራጫው ወጥቶላታል፣ ነጩም ጀምሯል። ከዚያ ወዲህ እኔን ጓዳ አታስገባኝም።