የተውሶ አባት

መምህርት ነፃነት ከመገናኛ ወደ ካራ የሚሄደው ሚኒባስ ውስጥ ስትገባ ቆሽቷ አሮ ነበር። ያሳረራት ፀሐዩም ሰልፉም አልነበረም፤ አቶ ጉደታ የሚባሉ አንድ ወላጅ ነበሩ።

ነፃነት የካ ተራራ ሥር ባለ የመንግሥት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የዐሥራ ሁለተኛ ክፍል ዩኒት ሊደር ናት። ዩኒት ሊደር ማለት ያረፈደውን የሚቆጣ፣ የተጣላውን የሚያስታርቅ፣ የጠፋውን የሚፈልግ፣ በመጨረሻም ለሁሉ ነገር የሚወቀስ ሰው ነው። ትምህርት ቤቱ ሰፊ ነው፤ የተራራው የጥንት ነዋሪ ልጅ፣ የኮንዶሚኒየም ልጅ፣ ከካራ እርሻ ዳር የሚመጣ ልጅ፣ በቤቱ ኦሮምኛ የሚናገር፣ ጉራጊኛ የሚናገር፣ መስጊድ የሚሄድ፣ ቸርች የሚሄድ፣ ሁሉም በአንድ ወንበር ሦስት ሦስት ሆኖ ይቀመጣል። ይህን ሁሉ ልጅ ይዞ ዳር ማድረስ የሚቻለው ወላጅ ሲያግዝ ነው። ወላጅ ግን አያግዝም ብላ ነፃነት ከደመደመች ቆይታለች።

ለዚህ ድምዳሜዋ ዋናው ማስረጃዋ አቶ ጉደታ ነበሩ። ልጃቸው ርሆቦት ጎበዝ ተማሪ ነበረች። ዘንድሮ ግን ውጤቷ አሽቆለቆለ፤ ኅዳር ላይም ከጎኗ ካለችው ልጅ ደብተር ስትገለብጥ ተይዛ “ወላጅ አምጪ” ተባለች። ወላጅ መጣ። ነጭ ጋቢ የደረቡ፣ ባርኔጣ ያደረጉ፣ ከዘራ የያዙ፣ ግርማ ሞገስ ያላቸው ሽማግሌ። ነፃነት ነገሩን ቀድማ አጣርታ ስለነበር አልተቆጣቻቸውም።

“አቶ ጉደታ፣ ልጅዎ ኮራጅ አይደለችም። ዓይኗ ሰሌዳውን አያይም። የምትገለብጠው ለዚህ ነውና ዛሬ ነገ ሳይሉ ሐኪም ቤት ይውሰዷት” አለቻቸው።

ሽማግሌው እጅ ነሥተው፣ ትምህርት ቤቱን ከነአስተማሪዎቹ መርቀው፣ “በጄ” ብለው ወጡ። በቃ። ጥር አልፎ የካቲት ገባ፤ ርሆቦት ሐኪም ፊት አልቀረበችም፤ የመንፈቅ ዓመቱ ውጤቷም ተበላሸ። ከሰኞ ወዲህ ደግሞ ጭራሹን ከትምህርት ቤት ቀረች። ብሔራዊ ፈተና እየመጣ! የተመዘገበው ስልክ ሲደወል አይሠራም። ነፃነት ከልጅቷ ጓደኛ ከፊልሞና ዘንድ የቤታቸውን አቅጣጫ ተቀብላ፣ ያንን ጆሮ ዳባ ልበስ ያለ አባት ፊት ለፊት ልትጋፈጠው ተነሣች።

ሚኒባሱ የኋላ ወንበር ላይ ሰው ተጠጋጋላትና ተቀመጠች። ዞር ስትል ጋቢው፣ ባርኔጣው፣ ከዘራው፣ ሁሉም ከጎኗ አለ።

“አቶ ጉደታ!” አለች፣ ሰላምታ ሳታስቀድም።

ሽማግሌው በመስኮት ወደ ውጭ ይመለከታሉ።

“አቶ ጉደታ፣ እርስዎን እኮ ነው!”

“እኔን ነው? እንደምን ዋልሽ ልጄ?”

“ምን ደኅና እውላለሁ! ወደ ቤትዎ እየመጣሁ ነው።”

“የማን ቤት?”

“የእርስዎ ቤት ነዋ! ካራ!”

“እኔማ ቤቴ የካ ነው። ካራ የታመመ ወዳጅ ልጠይቅ...” ብለው ሽማግሌው መልሳቸውን ሳይጨርሱ ዋጡት። መምህርቷን አሁን ነው ያስታወሷት።

“የርሆቦት ዓይን እንዴት ሆነ?”

“የማን?”

“የርሆቦት! የልጅዎ!”

“ርሆቦት...” አሉ ሽማግሌው ግንባራቸውን አሸት አሸት እያደረጉ፣ “ቀጭኗ ናት?”

ይህን ጊዜ የሚኒባሱ ረዳት ሒሳብ እየሰበሰበ ደረሰ። ሽማግሌውን ሲያይ ፊቱ በራ። “ጋሽ አካሉ! የእርስዎ ተከፍሏል። ዘጠነኛ ክፍል ሊያባርሩኝ ሲሉ አባቴ ሆነው ገብተው ያተረፉኝን መቼም አልረሳ!”

ነፃነት አንዴ ረዳቱን፣ አንዴ ሽማግሌውን አየች። ነገሩ ገባት፤ ሲገባት ደግሞ ፊቷ ጋለ።

“ታዲያ ዘጠነኛን አልፈህ የት ደረስክ?” አለችው።

“ዐሥር ላይ ተውኩት፣ ቲቸር። ያው መቅረት አበዛሁ፤ ከቤት የጠየቀኝም አልነበረም” ብሎ ወደሚቀጥለው ተሳፋሪ አለፈ። ጋሽ አካሉ ከዘራቸውን እያሻሹ ወደ መስኮቱ ዞሩ።

ካራ ሲወርዱ ሽማግሌው ተሰናብተው ሊሄዱ ሞከሩ፤ ነፃነት ግን መንገዱን ዘጋችባቸው።

“አባባ፣ ያፍራሉ ብዬ ነው እንጂ እዚህ መሐል መንገድ ላይ እጮህ ነበር። እንዴት እንዲህ ያደርጋሉ?”

“ልጄ፣ ቀስ በይ። እኔ ወንበዴ አይደለሁም፤ የእድር ዳኛ ነኝ። ባልና ሚስት ሲጣሉ እኔ ነኝ የማስታርቀው። በትምህርት ቤት በር ሳልፍ ልጅ ቆሞ እያለቀሰ ‘አባባ፣ ወላጅ አምጣ ተብዬ ነው፤ አባቴ ከሰማ አለቀልኝ’ ሲለኝ ምን ልበል? እገባለሁ፣ ይቅርታ እለምናለሁ፣ ልጁ ክፍሉ ይገባል። ከሻይና ከቦምቦሊኖ በቀር ከማንም የወሰድኩት ነገር የለም። ማንን ጎዳሁ?”

“ለመሆኑ የስንት ልጅ አባት ነዎት?”

“እሱን እንኳ ተይው።”

“አልተውም!”

“እንግዲህ ኮተቤ በኩል የቢራቱ አባት አቶ በዳዳ ነኝ። ጉርድ ሾላ በኩል ደግሞ የናዲያ አጎት ነኝ።”

“የናዲያ አጎት? ይህ ማተብ አንገትዎ ላይ ተንጠልጥሎ?”

“ማን አየኝ ብለሽ? ማንስ ጠየቀኝ?” አሉ ጋሽ አካሉ፣ አሁን እሳቸውም ድምፃቸው ከፍ ብሎ። “እናንተ ጋቢና ከዘራ ካያችሁ አባት ነው ብላችሁ ታልፋላችሁ። ከዚያ ሁሉ ልጅ የማንን አባት በመልኩ ታውቃላችሁ? ደግሞስ ወላጅ የምትጠሩት መቼ ነው? ልጅህ ጎበዘ፣ ልጅህ ታረመ ብላችሁ የጠራችሁት አንድ ሰው ካለ ንገሪኝ። የምትጠሩት ለጥፋት ብቻ! የጠራችሁትንም የቀን ሥራውን አስትታችሁ ግቢ ውስጥ ታቆሙታላችሁ፤ በልጁ ፊት እንደ ተማሪ ትቆጡታላችሁ፤ አማርኛው ሰበር ካለበትማ አንዳንዶቻችሁ ትስቁበታላችሁ። አይቻለሁ እኮ! ልጆቹ የተውሶ አባት ቢፈልጉ ይፈረድባቸዋል?”

ነፃነትን ከሁሉ ያናደዳት ሽማግሌው የተናገሩት እውነት መሆኑ ነው። የቢሮዋ በር ላይ ቆመው ተራ የሚጠብቁ ወላጆች ትዝ አሏት፤ እሷም ራሷ በቸኮለች ጊዜ ስንቱን ወንበር ሳትሰጥ እንደቆመ ሸኝታለች። ሰው የገዛ ጥፋቱን ከተቃዋሚው አፍ ሲሰማው ደስ አይለውም፤ ግን አስተማሪ ናትና እውነትን መካድ አልሆነላትም።

“ይህን እቀበላለሁ፣ አባባ። ጥፋቱ የእኛም ነው፤ እናርመዋለን። አሁን ግን አንድ ጥያቄ ይመልሱልኝ። ኅዳር ላይ ስለ ርሆቦት ዓይን የነገርኩዎትን ለማን ነገሩ?”

“ለራሷ ነገርኳት። ስልክ ማየት ቀንሺ፣ ጠዋት ጠዋት ፊትሽን በቀዝቃዛ ውሃ ታጠቢ ብዬ መከርኳት።”

“ሐኪም ቤትስ?”

“እንዴት አድርጌ እወስዳታለሁ? እኔ አባቷ አይደለሁ!”

“ይኸው! ራስዎ አሉት!” አለች ነፃነት። “ለአባቷስ ለምን አልነገሩም?”

“አባቷን የት አውቄው? ባውቀውስ ‘ማን ነገረህ? ለአንተ ለምን ተነገረህ?’ ቢለኝ ምን እመልሳለሁ?”

“ስለዚህ እኔ ለአባቷ ተናገርኩ ብዬ ተቀመጥኩ። እርስዎ ጉዳዩ በእርቅ አለቀ ብለው ተቀመጡ። ልጅቷ ከቅጣት ተረፍኩ ብላ ተቀመጠች። ዓይኗ ግን ይህን ሁሉ ጊዜ እየደከመ ነው። ወላጅ የሚጠራው ለይቅርታ ብቻ መሰለዎት፤ አንዳንዴ የሚጠራው ሊነገረው የሚገባ ነገር ስላለ ነው። ያ ነገር እርስዎ ዘንድ ደርሶ ቀረ።”

ጋሽ አካሉ ባርኔጣቸውን አውልቀው መልሰው አደረጉት።

“ይምጡ” አለች ነፃነት። “አስታራቂ ነኝ ብለውኛል። ሽምግልናው የሚያስፈልገው አሁን ነው።”

የአቶ ጉደታ ቤት ከአስፋልቱ ገባ ብሎ፣ የገብስ ማሳ ጫፍ ላይ ነበር። አቶ ጉደታ ድንጋይ ጠራቢ ናቸው፤ በግቢያቸው መሐል ተቀምጠው መዶሻቸውን ያሰማሉ። ርሆቦት በር ላይ ለእናቷ ለታደለች ጉልት የሚሄደውን ሽንኩርት አፍንጫዋ ሥር ድረስ እያስጠጋች ትለቅማለች። እንግዶቹ ግቢው ሲገቡ ቀና ብላ “ማነው?” አለች። እስኪቀርቧት ድረስ አላወቀቻቸውም። ስታውቃቸው ሽንኩርቱ ከእጇ ወደቀ።

ነፃነት ማንነቷንና የመጣችበትን ጉዳይ ተናገረች። አቶ ጉደታ መዶሻውን አስቀምጠው ተነሡ።

“አስቀርቻታለሁ፣ ቲቸር። ውጤቷን አየሁት። እኔ ድንጋይ እየፈለጥኩ የማስተምራት እንድትሰንፍ አይደለም። ካልተማረች እናቷን ታግዝ።”

“አልሰነፈችም፤ ዓይኗን አሟት ነው። ሰሌዳው አይታያትም። ከኅዳር ጀምሮ እናውቃለን።”

“ከኅዳር?” አሉ አቶ ጉደታ፤ ድምፃቸው ተለወጠ። “ከኅዳር አውቃችሁ ዝም አላችሁኝ? አንድ ቀን እንኳ አልጠራችሁኝም እኮ! ብትጠሩኝ ሥራዬን ጥዬ አልመጣም ነበር? ልጄ እኮ ናት!”

ርሆቦት እጆቿን በቀሚሷ እየጠረገች አንገቷን ደፋች። ጋሽ አካሉ ባርኔጣቸውን አውልቀው ወደ ፊት ራመድ አሉ።

“ጠርተዋል፣ ወንድሜ። የመጣሁት እኔ ነኝ። በአንተ ስም ገብቼ፣ ለአንተ የተነገረውን ሰምቼ፣ ይኸው እስከ ዛሬ ይዤው ተቀምጫለሁ። ልጅቷን አትቆጣት፤ ተቆጥቶ ትምህርቴን ያስተወኛል ብላ ፈርታ ነው። ጥፋቱ የእኔ የሽበታሙ ነው።”

አቶ ጉደታ ወደ እሳቸው አንድ እርምጃ ቀረቡ። ነፃነት ነገሩ ወደ ጠብ እንዳይሄድ ፈርታ መሐል ልትገባ ስትል ሰውየው ፊታቸውን ወደ ልጃቸው አዞሩ።

“ርሆቦት፣ ኮቱ፤ ነይ” አሏትና እጇን ይዘው ወደ ግቢው ጫፍ ወሰዷት። ማዶ፣ ከየካ እስከ እንጦጦ ድረስ ተራራው በባሕር ዛፍ ተሸፍኖ ይታያል። “ዛፎቹ ይታዩሻል?”

“ተራራው አረንጓዴ ሆኖ ይታየኛል።”

“ዛፎቹን ነው የምልሽ። አንድ አንዱን።”

ርሆቦት አባቷን ቀና ብላ አየች። “ከዚህ ሆኖ ዛፍ ይታያል እንዴ፣ አባዬ?”

አቶ ጉደታ ጭንቅላቷን ወደ ደረታቸው አስጠጉ። ጋሽ አካሉ ያልተጠረበ ድንጋይ ላይ ቁጭ ብለው በጋቢያቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉ። “እኔ ከአስተማሪ ጋር የማስታርቅ መስሎኝ፣ ከአባቷ ጋር ለያየኋት” አሉ። ነፃነትም ንዴቷ ሳይበርድላት እንባዋ መጣ፤ በሽማግሌውም፣ በትምህርት ቤቱም፣ በራሷም ተናድዳ ነበር።

በማግሥቱ አባትና ልጅ የዓይን ሐኪም ዘንድ ሄዱ። ቀኝ ዓይኗ በመነጽር እንደሚስተካከል ተነገራቸው። የግራው እይታ ግን ከፊሉ ብቻ ነው የሚመለሰው፤ ቀደም ብላ መጥታ ቢሆን ኖሮ ይሻል ነበር ብሏል ሐኪሙ። ጋሽ አካሉ ይህን ከነፃነት ሲሰሙ ለብዙ ቀናት በትምህርት ቤቱ በር ማለፍ ተዉ።

ነፃነት ግን ዝም ብላ አልተቀመጠችም፤ ርዕሰ መምህሩን ወጥራ ያዘች። “ሌላ ሥራ አታምጪብን” ቢላትም አልተፋታችውም። ከብዙ ንትርክ በኋላ የወላጆች ቀን ቅዳሜ ሆነ፤ የቀን ሠራተኛውም ነጋዴውም እንጀራው ሳይጓደል ይመጣል። ወላጅ ቁጭ ብሎ ይነጋገራል፤ ኦሮምኛ ለሚቀናው ኦሮምኛ የሚችል መምህር ይመደብለታል፤ የሚጠራውም ለጥፋት ብቻ ሳይሆን ልጁ ሲጎብዝም ነው።

ጋሽ አካሉም ወደ በሩ ተመለሱ፤ ሥራቸው ግን ተለወጠ። ልጅ መጥቶ “አባባ፣ አባት ይሁኑኝ” ሲላቸው፣ “አባትህን አልሆንልህም፤ አባትህ ዘንድ ግን አብሬህ እሄዳለሁ። ከዱላ አስጥልሃለሁ” ይሉታል። መጀመሪያ የወሰዱት ቢራቱን ነበር። ጠዋት ጠዋት የሚያረፍደው አባቱ አቶ በዳዳ ውሃ ስለሚያስቀዱት ነበርና እሳቸው ይህን ሲሰሙ አፈሩ፤ ውሃው ወደ ማታ ተዛወረ፣ ልጁም በሰዓቱ መግባት ጀመረ። ይህን ሁሉ ጊዜ የፈጀ ምስጢር ለመፈታት የአንድ ሰዓት ወሬ ብቻ ነው የፈለገው። አስተማሪ ልጁን በቀን ያየዋል፣ ወላጅ በማታ ያየዋል፤ ሁለቱ ካልተገናኙ ልጁን ሙሉውን ያየው ሰው የለም ማለት ነው። ከተገናኙ ግን ሕመሙ ሳይብስ ይታከማል፣ ስንፍናው ሥር ሳይሰድ ይታረማል፣ ልጁም ከአባቱ የሚደብቀው ነገር አይኖረውም።

በመጀመሪያው ቅዳሜ አዳራሹ ጢም ብሎ ሞላ። ጋሽ አካሉ በሽማግሌነት ተጋብዘው ከፊት ተቀምጠዋል። ከጎናቸው አቶ ጉደታ የድንጋዩን አቧራ አራግፈው፣ ኮታቸውን ለብሰው ተቀምጠዋል። ወደ ትምህርቷ የተመለሰችው ርሆቦት ከነመነጽሯ ከኋላ በር ላይ ቆማ፣ ከዚያ ሁሉ ሰው መሐል አባቷ የተቀመጡበትን ቦታ ለጓደኛዋ ለፊልሞና በጣቷ ታሳያለች።

ነፃነት መድረኩ ላይ ወጥታ መጥራት ጀመረች።

“የርሆቦት ጉደታ አባት?”

“አቤት!” ብለው ጋሽ አካሉ በልማድ ከወንበራቸው ብድግ አሉ።

አዳራሹ በሳቅ ተናወጠ። አቶ ጉደታ ትከሻቸውን ያዝ አድርገው ቀስ ብለው አስቀመጧቸውና ራሳቸው ተነሡ።

“እኔ ነኝ” አሉ፤ “መጥቻለሁ።”