የኔታ በሦስት ቅጂ ሞቱ

መስኮቱን ትንሽ ልዝጋው? አቧራው ለአንቺ ለእንግዳዋ አይስማማሽም። ከቢቸና እስከ ሞጣ፣ በየካቲት፣ ስንውጠው የምንውለው ይኸንኑ ነው። ሰብለ ወንጌል አልሽኝ አይደል ስምሽን? ደስ የሚል ስም ነው። ሞጣ ለአስተማሪነት መመደብሽም ጥሩ ነው፤ አገሩ ሰው ይወዳል። እኔ ኸይራት ይማም እባላለሁ። ገበያው ዳር አቡጀዲና ነጠላ እሸጣለሁ፤ ጨርቅ ሲያስፈልግሽ ብቅ በይ።

አሁን ቢቸና የወረድኩት ግን ጨርቅ ይዤ አይደለም። ጉባኤ ተጠርቼ ነው። አዎ፣ እኔ። የሁለቱ አውራጃ የምርትና የንግድ ፖሊሲ ጉባኤ ይባላል፤ ሦስት ቀን ተቀመጥን። እህል ማን ይግዛ፣ ማን ይሽጥ፣ ማን ከነጭራሹ ይተው... ከሞጣ ትንንሽ ነጋዴዎች አንድ ተወካይ ይምጣ ሲባል፣ ወንዶቹ ሁሉ በዚያው ሳምንት ታመሙ። እኔ ጤነኛ ሆኜ ተገኘሁ።

ወንበሩ ይመችሻል? ጉልበትሽ ከፊታችን የተቀመጠውን ሰው እንዳይነካው ብቻ። ባለ ቦርሳውን ማለቴ ነው። እንዲህ ያለ ሰው ከእኛ ጋር በአውቶቡስ ሲንገጫገጭ ብርቅ ነው። የመሥሪያ ቤቱ ላንድሮቨር ባይሰበር ኖሮ፣ ጀርባውን እንኳ መቼ እናይ ነበር?

*

መንገዱ ረጅም ነው፤ ስለ ጉባኤው እንግዶች ላጫውትሽ።

እዚያ ዝም ተብሎ አይገባም። ቅጽ አለ፤ የእንግዳው የሕይወት ታሪክ የሚባል። የትውልድ ቦታ፣ የመደብ ጀርባ፣ የአባት ሥራ፣ አባት በሕይወት አሉ ወይስ የሉም... በካርቦን ሦስት ቅጂ ይሞላል። አንዱ አውራጃው ዘንድ ይቀመጣል። አንዱ መድረክ ላይ ይነበባል። አንዱ ደግሞ እውነት መሆኑ እንዲጣራ ተወልደሽ ወዳደግሽበት ቀበሌ ገበሬ ማኅበር ይላካል። እኔ ሞኟ የአባት ሥራ በሚለው ላይ ነጋዴ ብዬ ጻፍኩ። ሲነበብ አዳራሹ ዞሮ አየኝ። ከዚያ በር አጠገብ ቦታ ፈለጉልኝ። ነፋሻ ነው፤ አልከፋኝም።

አንድ እንግዳ ግን ነበር... ስሙን አልጠራውም። የትልቅ ሰው ስም በአውቶቡስ ላይ ይጠራል? አንቱም አልለውም፤ አንቱታ የፊውዳል ትራፊ መሆኑን እሱው ራሱ በመጀመሪያው ቀን አስረድቶናል። የእሱ የሕይወት ታሪክ ሲነበብ በሰማሽ። ከጭሰኛ ጎጆ የወጣ። አባቱን በሕፃንነቱ በሞት የተነጠቀ። ማንም ሳይደግፈው በራሱ ጥረት ፊደል የለየ። ሰው እንዴት አጨበጨበ መሰለሽ! ሰብሳቢው ልቡ ተነካና፣ በጭሰኝነት ላለፉት ለእኒያ አባት የአንድ ደቂቃ የኅሊና ጸሎት እናድርግ አለ። አዳራሹ በሙሉ ቆመ። እንግዳውም አንገቱን ደፍቶ ቆመ፤ መሐረቡን አውጥቶ ዓይኑን ጠረገ። በዚህ ዘመን እንዲህ ያለ ስስ ልብ ከየት ይገኛል?

እኔም ቆምኩ። ለሞተ ሰው መቆም ደግ ነው። ብቻ... እኒያን የሞቱ አባት፣ ወደ ቢቸና ስነሣ ሞጣ ላይ ስሰናበታቸው፣ ፀሐይ ላይ ቁጭ ብለው ሽምብራ ይቆረጥሙ ነበር።

*

የኔታ አካለ ወልድን ገና አታውቂያቸውም። ታውቂያቸዋለሽ። ከሞጣ ወጣ ብላ ባለች ደብር አርባ ዓመት ቅኔ ያስተማሩ ናቸው። እኛ እስላሞች ነን፤ እሳቸው ግን ከአባቴ ከይማም ጋር እንደ ወንድም ነበሩ። የአባቴን ደብዳቤ ሁሉ የሚጽፉለት እሳቸው፣ ለጥምቀት ጋቢ የሚያመጣላቸው እሱ።

ድሮ የደብሩን መሬት ይዘው ጭሰኛ ነበራቸው፤ ይኸን አልክድም። አዋጁ ሲመጣ ያ ሁሉ ሄደና፣ እንደማንኛውም ሰው ከገበሬ ማኅበሩ አንዲት ማሳ ደረሰቻቸው። የቀድሞ ተማሪዎቻቸው ያርሱላቸዋል፤ ከእሷ ነው የሚበሉት። ልጅ አንድ ብቻ ነው ያላቸው። ፊደል ያስቆጠሩት እሳቸው፤ ዳዊት ያስደገሙት እሳቸው። በቅሏቸውን ሸጠው አዲስ አበባ ለትምህርት የላኩትም... ማንም ሳይደግፈው ነው ያልኩሽ አይደል? ልክ ነው። በቅሎ ሰው አይደለችማ።

እንግዲህ ሦስተኛው ቅጂ ቀበሌው ደረሰ። የማኅበሩ ሊቀ መንበር ደምለው ወረቀቱን አየ፤ የኔታን አየ። አልገጠሙለትም። ማኅተም ያለው ግን ወረቀቱ ነው። ምን ያድርግ ታዲያ? ከላይ የመጣ ጓድ ስለ ገዛ አባቱ አያውቅም ይበል? ትክክል ነው ብሎ አተመበት። ካተመበት በኋላ ደግሞ ደንቡ ተከተለው፤ በመዝገብ የሞተ ሰው መሬት ይዞ አይገኝም። ማሳዋ ለአዲስ ተጋቢዎች ተመደበች። ሰኞ ገመድ ተጥሎባት ተለክታ ትሰጣለች። ዛሬ ዓርብ ነው።

የኔታ አቤት ሊሉ ሄዱ። ደምለው ክፉ ሰው አይደለም። ተነሥቶ እጅ ነሣና ወንበሩን ለቀቀላቸው።

«አባቴ፣ እኔ አይዎታለሁ፤ መዝገቡ ግን አያይዎትም» አላቸው።

የኔታም መለሱለት።

«እንግዲያስ የሞትኩበትን ቀን ንገረኝ፤ አርባው ሳያልፍ ተዝካሬን ላውጣ።»

እዚያ የነበረው ሰው ሁሉ ሳቀ። እሳቸው አልሳቁም። ሰባ ስምንት ዓመታቸው ነው። ከእንግዲህ የማንን ደጅ ይጥኑ?

*

መድኃኒቱ ቀላል ነው አለ ደምለው። ቅጹን የሞላው ሰው ራሱ፣ አባቴ በሕይወት አለ፣ ስህተቱ የእኔ ነው ብሎ ይፈርምበት። አንድ መስመር። የኔታ ደብዳቤውን በእጃቸው ጻፉ። ልጄ ሆይ ብለው አልጀመሩትም፤ «ለሚመለከተው ሁሉ» ነው ያሉት፤ ሌላ ሰው ቢያየው እንዳያፍርባቸው። እኔም ጉባኤው ላይ አገኘዋለሁ፣ አስፈርሜ፣ እንዲያውም ራሱን ይዤው እመጣለሁ ብዬ ተቀበልኩ። አፌ አያርፍም እኮ።

ትናንት ምሳ ሰዓት ላይ ሰጠሁት። አላባረረኝም። እንዲያውም ከወንበሩ ብድግ ብሎ ነው የተቀበለኝ። ከላይ እስከ ታች አነበበው፤ ደግሞ ከታች ወደ ላይ። ደህና ናቸው ወይ ብሎ ይጠይቀኛል ብዬ ጠበቅሁ። የጠየቀኝ ግን አንድ ነገር ነው።

«ጽሕፈቱ ያምራል፤ የማን ነው?»

ሀ ብሎ የጀመረበትን እጅ ነው እንዲህ የጠየቀኝ፣ ሰብለ። ከዚያ እንደ አመጣጡ አጥፎ መለሰልኝና፣ ጉዳዩ በመዋቅሩ በኩል ይቅረብ አለ። እውነቱን ነው። አባት በመዋቅር ካልመጣ በምን ይታወቃል?

ሰው ይፈርድበታል። እኔ አልፈርድበትም። ቢፈርም እኮ ታሪኩ ሊፈርስ ነው፤ የቆመለት አዳራሽ ሁሉ ለማን ነበር የቆምነው ሊል ነው፤ ቦታውም ትሄዳለች፣ ከዚያ የከፋም አይጠፋም። ይፈራል። ማን የማይፈራ አለ? ደግሞስ ሆን ብሎ አባቱን ገደለ? ቅጹ ላይ ባዶ ቦታ ነበር፤ ሞላው። ወረቀቱ ወደ አገሩ ይሄዳል ብሎ አላሰበም። አሥራ አንድ ዓመት እሱ ራሱ ሄዶ ስለማያውቅ፣ ወረቀትም የሚሄድበት አገር አልመሰለው ይሆናል።

ድምፄ ከፍ አለ እንዴ? ሞተሩ ነው የሚያስጮኸኝ። ፊት ያሉትን እንቅልፍ ነሣኋቸው... እዪው፣ የባለ ቦርሳው አንገት ፍም መስሏል። ፀሐዩ ነው። የቢሮ ሰው ፀሐይ አይችልም።

*

ይኸው ግንደወይን። እዚህ ሻይ የሚጠጣ ይጠጣል፤ ሞጣ ሩቅ አይደለችም።

ውይ... ባለ ቦርሳው ሊወርድ ነው መሰለኝ። ቲኬቱ እስከ ሞጣ ነው፤ ሲቆርጥ ከኋላው ቆሜ ነበር። ሥራ ትዝ ብሎት ይሆናል። ሥራ የበዛበት ሰው የትም ይወርዳል። ሞጣ መናኸሪያ ላይ ጋቢያቸውን አጥበው ከጠዋት ጀምረው አውቶቡስ የሚቆጥሩ አንድ ሽማግሌ አሉ፤ እሳቸውም ቢሆኑ ሥራ አላጡም፤ ፀሐይ ይሞቃሉ። ይዤው እመጣለሁ ያልኩት እኔ ነኝ፤ ጥፋቱ የኔ ነው።

እግርሽን ሰብሰብ አድርጊለት፣ ይለፍ። ደብዳቤውን እኔ ጉልበቴ ላይ ዘርግቼዋለሁ፤ እስክሪብቶውም ክዳኑ ተከፍቷል። ሰው ሲያልፍ ዓይኑ ካረፈበት አረፈበት...

ቆመ።

አለፈ። መተላለፊያው ጠባብ ስለሆነ ነው የቆመው።

ለዚያ ለጉባኤው እንግዳ ግን ሰሞኑን ወንድ ልጅ ተወለደለት አሉ። የመጀመሪያው ነው። ሳንመርቀው ተለያየን፤ ነውር አይደለም? ነይ፣ አንቺ በእግዚአብሔርሽ፣ እኔ በአላህ፣ እዚሁ ሆነን እንመርቀው። ባለ ቦርሳውም ገና ከደረጃው አልወረደም፤ አሜን ይለናል።

ልጁን ያሳድግለት። ይማርለት፣ ይሾምለት፤ በየጉባኤው በክብር እንግድነት ይጠራለት። ለአባትየውም ዕድሜና ጤና ይስጠው። ያ ልጅ አድጎ፣ ስለ አባቱ በገዛ እጁ የሚሞላውን ቅጽ፣ አባትየው በገዛ ዓይኑ እስኪያነበው ድረስ ያኑረው።