የሊቀመንበሩ መንጋጋ

የጥርስ ሕክምና ክፍሌ የሚገኘው ከምንኖርበት ሕንፃ ሥር ስለሆነ፣ የጎረቤቶቼን ጠብ የምሰማው በመጠበቂያው በር በኩል ነው። ባለፈው ሐሙስ ጠዋት የነዋሪዎች ማኅበራችን ሊቀመንበር ጉንጫቸውን በመሐረብ ደግፈው ሲገቡ፣ የእህታቸው ልጅ አግዳሚው ላይ ተራዋን ትጠብቅ ነበር። ልጅቷ በሕንፃችን አዳራሽ ጁዶ የሚባለውን ትግል ታሰለጥናለች።

«እንኳን አገኘሁሽ» አሉ፣ ሕመማቸውን ለጊዜው ረስተው። «እሁድ ምርጫ አለብን። እነዚያን ትከሻቸው የሰፋ ልጆችሽን በር ላይ ታቆሚልኛለሽ።»

«ምን እንዲያደርጉ አጎቴ?»

«ምንም። ይቁሙ ብቻ። አናጢው ሲያያቸው አፉን ይይዛል።»

አናጢው ስለሚያፈሰው ጣራ በየስብሰባው የሚጠይቅ፣ ዘንድሮ ደግሞ ለወንበራቸው የሚወዳደር ጎረቤታችን ነው። ጥርሳቸው ውስጥ ከገባ ቆይቷል፤ እሱን ነቅሎ ማውጣት ደግሞ የእኔ ሙያ አይደለም።

«አይሆንም» አለች ልጅቷ በትሕትና።

«አዳራሹን ማን ፈቀደልሽ? ቁልፉ እኔ ኪስ ውስጥ መሆኑን አትርሺ።»

ልጅቷ ሌላ አዳራሽ አልነበራትም። ፊቷ ቅጭም አለ፤ ድምፅዋን ግን ከፍ አላደረገችም።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ አጎቴ፣ ልጆቹ ይህን አልተማሩም። የሰው ክንድ መጠምዘዝን ከማሳየቴ በፊት መልቀቅን ነው የማስተምራቸው። የተያዘው ልጅ ፍራሹን በእጁ መታ መታ ካደረገ፣ የያዘው ወዲያው ይለቃል። ትንሽ ቀርቶኝ ነበር፣ አልሰማሁም ማለት የለም።»

«ታዲያ ይህ ምኑ ትግል ነው! አሸናፊ ሰው ይለቃል እንዴ? ፖለቲካ ጉልበት ነው የኔ ልጅ። ደግነት ካሸነፉ በኋላ ይደርሳል።»

«ያልለቀቀ ሰው ነገ ከማን ጋር ይለማመዳል? ባልንጀራው ክንዱን የሰጠው አምኖት እኮ ነው። እርስዎም ሰው እጁን ሲያነሣ ካላቆሙ፣ ስብሰባው ባዶ ይቀርብዎታል።»

«የት አባታቸው ይሄዳሉ! ይመጣሉ።»

ነገሩ ሲከር ሊቀመንበሩን ወደ ውስጥ ጠራኋቸው። በሩን አልዘጋሁትም። ወንበሩን አስተኝቼ ማደንዘዣ ወጋኋቸውና ለሁሉም የምለውን አልኳቸው። «ካመመዎት ግራ እጅዎን ያንሡ፤ አቆማለሁ።»

ገና መሰርሰር ስጀምር እጃቸው ተነሣ። አቆምኩ። ተንፍሰው አፋቸውን ከፈቱ። ትንሽ ቆይቶ ደግመው አነሡ፤ አሁንም አቆምኩ። ቀጥሎ ያነሡት ግን አሟቸው አልመሰለኝም፤ ሊፈትኑኝ ነበር። እሱንም አከበርኩላቸው።

አፋቸውን ተጉመጥምጠው ቀና አሉ። «ዶክተር፣ ባታቆም ኖሮስ?»

«ተነሥተው ይሄዱ ነበራ። መንጋጋዎም እንደታመመ ይቀር ነበር።»

«አዎ» አሉ በደነዘዘ ከንፈራቸው። «ስታቆምልኝ ጊዜ ግን አፌን መልሼ የከፈትኩት ራሴ ነኝ። ማንም አላስገደደኝም።»

«እሱን እኮ ነው የምልዎት አጎቴ» አለች ልጅቷ ከአግዳሚው።

ሽማግሌው ከወንበሩ ወረዱ። «ያንን አናጢ አንድም ቀን አስጨርሼው አላውቅም» አሉ። ሲወጡ ቁልፉን ከኪሳቸው አውጥተው ጭኗ ላይ አኖሩላት። «እሁድ ማን እንደሚመረጥ አይታወቅም። ከአሁኑ አንቺ ጋ ይሁን። ልጆችሽንም በር ላይ አላይም።»

እሁድ እኔም ከነዋሪዎቹ አንዱ ሆኜ ተገኘሁ። በሩ ላይ ማንም አልቆመም። ሊቀመንበሩ ንግግራቸውን ገና ሳያጋምሱ አናጢው እጁን አነሣ፤ እሳቸውም ቃላቸውን በጅምር ትተው ጸጥ አሉ። አናጢው ይህን አልለመደምና ጥያቄው ጠፍቶት ተደናገረ። ሲመለስለት ስለ ጣራው ጠየቀ፤ ሊቀመንበሩም ጥፋት መኖሩን አመኑ። ከዚያ ወዲያ ተናግረው የማያውቁ ሰዎች ተናገሩ። ሦስተኛ ፎቅ ያሉት እናት ውኃው የሚገባው ከጣራው ሳይሆን ከተሰነጠቀው አሸንዳ መሆኑን አስረዱ። ሰው ሳይፈራ ሲናገር ቤቱ የት ጋ እንደሚያፈስ ይታወቃል፤ የተሸነፈውም በማግስቱ ጎረቤቱን ሰላም ለማለት አያፍርም። የዚያ የጁዶ ትምህርት ጥቅሙ ይህ ነው።

ድምፅ ሲቆጠር አናጢው አሸነፈ። ደስ አለውና የቀድሞውን አመራር ጥፋት መዘርዘር ጀመረ፤ ደጋፊዎቹም ማፏጨት ያዙ። ያን ጊዜ ከኋላ ወንበር ላይ ግራ እጅ ተነሣች። የቀድሞው ሊቀመንበራችን እጅ ነበረች።

አናጢው ንግግሩን አቋረጠ። የሚያፏጩትን በእጁ ዝም አሰኝቶ «ይናገሩ ጋሼ፣ እንሰማለን» አላቸው።

ሽማግሌው ከመቀመጫቸው ብድግ አሉ። «የምለው እንኳ የለኝም» አሉ። «ታቆም እንደሆነ ለማየት ነው።»